የኮከቤ አራት ቀዳዳዎች

ኮከቤ ወልደገብርኤል መብሻ መኪናው ፊት የቆመችው ፈልጋ አይደለም። በሕይወቷ ፈልጋ ያገኘችው ነገር ብዙ አልነበረም፤ የመጣውን መቀበል ለምዳለች። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ በቆርቆሮ የታጠረ የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ ነበረ። እዚያ የተቀጠረችው ለጽዳት ነው። ስድስት ዓመት ጠረገች። የብረት ብናኝ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የቆዳ ቁራጭ፣ የጀሶ ፍርስራሽ፤ የሚጠረግ ነገር የማይጠፋበት ግቢ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በመብሻው የሚሠራው ጎልማሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። ምትክ ይላካል ተባለ፤ ክረምቱ አለፈ፣ ምትክ አልተላከም። አንድ ጠዋት ፎርማኑ ጋሽ ዘነበ መጥረጊያዋን ከእጇ ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና፣

«ነይ እስቲ። ይቺን እጀታ ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። ሌላ ነገር እንዳትነኪ» አሏት።

ሥራ የለወጠችው እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስሟ ያው ከጽዳት ጋር ነበር፤ እሷም አልጠየቀች፣ እነሱም አላስታወሱ።

ጌጃ ሰፈር ተወልዳ ጌጃ ሰፈር ያደገች ናት። እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት ሰፌድና ሌማት፣ ሙዳይና አገልግል እየሰፉ ተክለ ሃይማኖት ወስደው ይሸጡ ነበር። ኮከቤ አራተኛ ክፍል ስትደርስ የእናቷ ዓይን ደከመ። ወስፌው ስንደዶውን ትቶ ጣታቸውን መውጋት ጀመረ። ያን ጊዜ የኮከቤ ደብተር ተዘጋ። ተይ ያላት አልነበረም፣ እሷም አላለቀሰችም፤ ወስፌውን ተቀብላ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ወይዘሮ ወለተሰንበት ዓይናቸው ቢደክምም እጃቸው ያይ ነበር። ልጃቸው የሰፋችውን ይቀበሉና ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ይዳስሱታል።

«ገዢ ፊቱን ያያል፤ ዐዋቂ ገልብጦ ያያል» ይሏታል። «እዚህ ጋ ተቦጭሯል። ወስፌሽ ደንዟል ማለት ነው። የደነዘ ወስፌ አይበሳም፤ እየገፋ ነው የሚቀደው። ደግሞ አውራ ጣትሽን ከኋላ አልደገፍሽም። ያልተደገፈ ነገር መቀደዱ አይቀርም።»

ኮከቤ ይህን ሁሉ ሰምታ ረስታው ነበር። ሰፌድ የሚገዛ እየጠፋ ፕላስቲክ ሲበዛ፣ እናቷም ሲያርፉ፣ ወስፌውን ሳጥን ውስጥ ጥላ መጥረጊያ ያዘች።

በመሥሪያው ቤት ድሮ እግር የሚሠራው ከእንጨትና ከቆዳ ነበር። ከብዶ ሰውን የሚያንገዳግድ እግር ነው። በ1978 መግቢያ ላይ ግን ከውጭ በእርዳታ የመጣ አዲስ ዕቃ ተራገፈ፦ በጣሳ የታሸገ ሙጫና ከመስታወት ክር የተሸመነ፣ ፋይበር የሚሉት ነጭ ጨርቅ። የተቆረጠው እግር ልኩ በጀሶ ይወጣል። በጀሶው ላይ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ ሙጫ ይቀባል፣ እንደገና ይጠቀለላል፣ እንደገና ይቀባል። ሰባት ስምንት ድርብ ሲሆን ይተዋል፤ ሲያድር እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ከዚያ ውስጡ ያለው ጀሶ በመዶሻ እየተሰበረ ይወጣና እግር የሚገባበት ቀላል ዕቃ ይቀራል። ሠራተኞቹ ኩባያ ይሉታል። ኩባያው በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይበሳና፣ ከጉልበት የሚመጡት የብረት ዘንጎች በብሎን ይታሰሩበታል። የሰውየው ክብደት የሚንጠለጠለው እነዚያ አራት ቀዳዳዎች ላይ ነው። ቀዳዳዎቹን የምትበሳው ደግሞ ኮከቤ ናት።

ኩባያዎቹ ግን ይሰነጠቁ ጀመር።

ከሁሉ በላይ የተቸገረው ሚደቅሳ ነው። ሚደቅሳ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ትከሻው የበር ያህል፣ ድምፁ ከግቢው ውጪ የሚሰማ። ከሦስት ዓመት በፊት ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ የተንከባለለ ድንጋይ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደበት። ድንጋዩ ሥር ሆኖ የሰፈሩን ታቦት ልደታ ማርያምን ጠራ፤ ከተረፍኩ በግንቦት አንድ ቀን በእግሬ መጥቼ ጥላ አስገባለሁ ብሎ ተሳለ። ተረፈ። ጥላውን ገዛ። ቀይ መደብ ላይ የወርቅ ክር ያለው ጥላ ነው። ይኸው ሁለት ግንቦት አልፎ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ አልጋው ሥር ተኝቷል። በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ሰው ጥላ የሚይዝበት እጅ ከየት ያመጣል? ሌላ ሰው ይያዝልህ ሲሉት፣ «ስለት በሰው እጅ አይሄድም» ብሎ እምቢ አለ።

የመጀመሪያው ኩባያ ሰንጋ ተራ መንገድ መሃል ላይ በዘጠነኛ ቀኑ ተሰነጠቀበት። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ቆየ። ሁለቱም ጊዜ ስንጥቁ የተነሣው ከቀዳዳው ነው።

በመጋቢት ወር ሥራ አስኪያጁ ጓድ አምሳሉ ሠራተኛውን ሰበሰበ። ወጣት ነው፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላዩ ያሉትን ግን ይፈራል።

«ጓዶች፣ የቀረን ሙጫ ለአንድ ኩባያ ብቻ ነው» አለ። «ይህ ከተሰነጠቀ የፋይበር ሥራ ይቆማል፣ ወደ እንጨቱ እንመለሳለን ብዬ ጽፌያለሁ። ካልተሰነጠቀ ሌላ ሙጫ ይላክልናል። ችግሩ ምን ላይ ነው?»

«ሙጫው ላይ ነው» አለ አንዱ።

«ሰውየው ላይ ነው። ሚደቅሳ ዘጠና ኪሎ ነው» አለ ሌላው።

ጋሽ ዘነበ ሳላቸውን ጨርሰው ተነሡ። አርባ ዓመት ብረት የቀጠቀጡ፣ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የተማሩ ሰው ናቸው። «እኔ የማውቀውን ልናገር። ብረት እንደ ያዥው ነው። እጅ ያልጠናበት ሰው መብሻ ላይ ቆሞ ውጤት አይጠበቅም። እኔ ራሴ አቁሜያታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኮከቤን ማንም አላያትም፤ ሁሉም ግን ስለ እሷ መሆኑን ያውቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል የአገሬ ሰው። እሷ የተባለችውን ነበር ያደረገችው።

«እንግዲህ የመጨረሻውን ኩባያ ጋሽ ዘነበ ይበሱታል» አለ ጓድ አምሳሉ። «ኮከቤ ወደ ቀድሞ ሥራዋ።»

ኮከቤ መጥረጊያውን ካስደገፉበት ግድግዳ አነሣችው። መጥረጊያው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ብትናደድ ኖሮ ለራሷም ይገርማት ነበር። የሚደቅሳን ሁለት የተሰነጠቁ ኩባያዎች ወደ ቆሻሻው ልትወስድ አነሣቻቸው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ገለበጠቻቸው።

ከፊት በኩል ቀዳዳው ከስንጥቁ በቀር ምንም አይልም። ከኋላ፣ ፑንታው፣ ማለት የመብሻው ጠመዝማዛ ብረት፣ ሰርስሮ በወጣበት በኩል፣ ድርቡ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። ነጭ ክሩ ተቦጭሮ፣ ልጅ የሰፋው ሰፌድ ጀርባ መስሏል። አውራ ጣቷን አስገብታ ዳበሰችው። የእናቷ ድምፅ መጣባት።

በማግስቱ ሚደቅሳ ልኩን ሊሰጥ መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ጋሽ ዘነበ አንዱን የቆርቆሮ ሥራ ምልክት ያደርጉ ነበር። ብረት ሲበሳ ፑንታው እንዳይንሸራተት መጀመሪያ ሹል ብረት ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል፤ ትንሽ ጎድጓዳ ይሠራል። ሚደቅሳ ጆሮውን አቀና።

«የእኔንም እግር እንዲህ ነው የምትመቱት?»

«አዎ» አለች ኮከቤ እየጠረገች። «ሁሉም ነገር እንዲህ ነው። አራት ቦታ ትመታለህ፣ ከዚያ ትበሳለህ።»

ሚደቅሳ ሳቀ፤ ቆርቆሮው ሁሉ አብሮት የሳቀ መሰለ። «እቴ፣ እኛ ድንጋይ ለመፍለጥ ስንፈልግ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ? በመስመር ሹል ብረት እናቆምና አንድ አንድ ጊዜ ነካ ነካ። ድንጋዩ ለጊዜው ዝም ይላል። ውስጡ ግን ሰምቷል። ማታ ታዪዋለሽ፣ በዚያው መስመር ለሁለት። እናንተ እግሬን እየሠራችሁ አይደለም፣ እየፈለጣችሁኝ ነው።»

«ብረት በዚህ አይፈለጥም» አሉ ጋሽ ዘነበ ከወዲያ ሆነው።

«የእኔ እግር ብረት ነው እንዴ?» አለ ሚደቅሳ።

ጋሽ ዘነበ ወደ ቆርቆሯቸው ተመለሱ። ኮከቤ ግን መጥረጊያዋን አቆመች። የሚደቅሳ እግር ብረት አይደለም። እንጨትም አይደለም። ክርና ሙጫ ነው። ስንደዶና አክርማ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ኮከቤ አትወጣም ነበር። የተሰነጠቁትን ኩባያዎች በመጋዝ ቆራርጣ ቁራጭ በቁራጭ ትበሳለች። ብናኙ ገላን ያሳክካል፤ አንገቷን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ክንዷን በቀዝቃዛ ውኃ እየታጠበች፣ ትበሳለች። መዶሻውን ተወች፤ በእርሳስ ብቻ ምልክት አደረገች። አንዱ ነገር ያኔውኑ ተሻለ፤ የፊቱ ስንጥቅ ጠፋ። የኋላው ግን ያው መቦጨሩ አልቀረም።

ቀጥሎ ፑንታውን አየችው። ጫፉ ደንዟል። መስታወት የበላው ብረት ነው፤ ከአምስት ቀዳዳ በኋላ እንደ አሮጌ ወስፌ ይሆናል። መሳያው ድንጋይ ላይ ወስዳ ሳለችው። የደነዘው ፑንታ እንዲበሳ ሙሉ ክብደቷን ነበር የምትጭንበት፤ የተሳለው ግን በሁለት ጣት ይወርዳል። የኋላው መልጠት በግማሽ ቀነሰ።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ቺንጋው ሄደ። መብሻው አናት ላይ ደረጃ ደረጃ ያላቸው ሁለት መዘውሮች አሉ፤ የሚያገናኛቸው ጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው የታችኛው ደረጃ ላይ ሲሆን ፑንታው በዝግታ ይዞራል፣ የላይኛው ላይ ሲሆን ይፈጥናል። የጋሽ ዘነበ ሕግ አንድ ነው፦ ጠንካራ ነገር በዝግታ፣ በኃይል። ቺንጋው ሁልጊዜ ታች ነው፤ ከእሳቸው በቀር የሚነካው የለም።

ኮከቤ በሩን አየች፣ ሰው የለም። ቺንጋውን ወደ ላይ አወጣችው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ጨሰ፤ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተ። ፈጥኖ የሚዞረውን ፑንታ እዚያው አቁማ ስለቆየች ሙጫው አሮ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቡናማ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ከፍ፣ ብናኙ ይውጣ፣ እንደገና ገፋ። አላቃጠለም። ሊወጣ ሲል ደግሞ እጇን አላላች፤ መብሻው በራሱ ይውጣ እንጂ እኔ አላወጣውም አለች በሆዷ። ከኋላው ተልጦ የወጣው ክር ሦስት አራት ብቻ ነበር። አንድ ቁራጭ ጣውላ ከሥሩ ደግፋ ስትበሳ ደግሞ፣ ጣውላው በደንብ በተጣበቀበት ቦታ ቀዳዳው እንደ ሰም ልስልስ ሆነ። ክፍተት በነበረበት ቦታ ግን ተቦጨረ። ኩባያ ክብ ነው፣ ጣውላ ዝርግ ነው፤ የት ይገጥማል?

የሞከረችበትን ቁራጭ ሁሉ በሽቦ ላይ ሰካችው። ጽሑፍ አላበዛችም። ቺንጋው ታች ከሆነ አንድ ጭረት፣ ላይ ከሆነ ሁለት ጭረት፤ ፑንታው ከተሳለ ክብ፤ ከኋላ ከተደገፈ መስቀል። ሃያ ስድስት ቁራጭ ሆነ። እንደ መቁጠሪያ ይንጠለጠላል።

በዚህ መሃል ተሳሳተች። አንድ ቀን ቺንጋውን ወደ ታች መመለስ ረሳች። ከምሳ በኋላ ጋሽ ዘነበ ወፍራም ብረት ሊበሱ እጀታውን ጫኑት፤ ፑንታው ጮኸ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ተቃጠለ። በመጋዘን ውስጥ ከቀሩት ሦስት ደህና ፑንታዎች አንዱ ነበር።

«ቺንጋውን ማን ነካው?»

ጋሽ ዘነበ የተቃጠለውን ፑንታ ነቅለው ከፍ አድርገው አሳዩ።

«እኔ ነኝ» አለች ኮከቤ።

ጋሽ ዘነበ ብዙ አልተናገሩም፤ ብዙ ቢናገሩ ይሻል ነበር። «ስድስት ዓመት ስትጠርጊ አንድ ነገር ሰብረሽ አታውቂም ነበር» አሉ። «ሰው ባለበት ቢቀመጥ ምን ነበረበት።»

ሽቦዋን ከኪሷ አወጣችና ሰጠቻቸው። እሳቸው ቁራጮቹን ፊት ፊታቸውን አዩና ሊመልሱላት ዘረጉ።

«ይገልብጡት፣ ጋሽ ዘነበ።»

ገለበጡት። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን ጭረት ከሌላው ጋር እያስተያዩ፣ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«በፍጥነት ነው እንዴ ይሄኛው የተበሳው?»

«በፍጥነት፣ ግን በቀላል እጅ። ፑንታው የተሳለ ሆኖ።»

«ቀላል እጅ» አሉ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ እንግዳ የሆነባቸው ይመስል። «እና እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ነው የምትጠብቂው?»

«እንቁላሉ አይደለም፣ ሚደቅሳ ነው በእግሩ የሚሄደው።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን ዋጠ። ጋሽ ዘነበ ሽቦውን መለሱላት። «ይሄ ጣውላ ያልገጠመበት ቦታ አሁንም ይለጣል» አሉ። «ይሄን ካልፈታሽው ሌላው ከንቱ ነው። አራት ቀዳዳ ነው፤ ሦስት ቢያምር አንዱ ይበቃል ሰውየውን ለመጣል።»

እውነታቸውን ነው። ኮከቤ ሦስት ቀን አሰበች። ክብ እንጨት ብታስጠርብ? የእያንዳንዱ ሰው እግር የተለያየ ነው። ጨርቅ ብትወትፍበት? ጨርቅ ይሸሻል። ዓርብ ቀን የሌላ ሰው የቆዳ ሥራ ከልኩ ላይ ሲወጣ ጀሶው በመዶሻ ተሰበረ፤ ፍርስራሹን ልትጠርግ ጎንበስ አለች። አንድ ትልቅ ቁራጭ አነሣች። ውጭው ልስልስ ነው፤ የቆዳውን የውስጥ ቅርጽ አንድ ፀጉር ታህል ሳያዛንፍ ይዟል።

ስድስት ዓመት ሙሉ የጠረገችው እሱን ነበር።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጋሽ ዘነበ ሄደች። ጀሶውን በእጇ ይዛለች።

«ጀሶውን ለምንድን ነው መጀመሪያ የምናወጣው?»

«ከመብሳታችን በፊት?» አሉ። «እንግዲህ... ሁልጊዜ ነው የምናወጣው።»

«ኩባያውን ጀሶው ውስጡ እንዳለ ብንበሳውስ? ከእሱ የተሻለ ደጋፊ ከየት ይመጣል። በልኩ የተሠራ ነው።»

ጋሽ ዘነበ ጀሶውን ተቀበሏት። በኩባያ ውስጥ እንዳለ አድርገው በዓይናቸው አዩት። ከዚያ የሠራተኛ ካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ይህን የሚያደርጉት ጓድ አምሳሉ ቢሮ ሊገቡ ሲሉ ነው።

የመጨረሻው ኩባያ ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ ደረቀ። ኮከቤ እንድትበሳው የፈቀደው ጓድ አምሳሉ ራሱ መጥቶ ቆመ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ያለው እየመሰለ አንዳንድ ዕቃ ይዞ ተጠጋ። ሚደቅሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ዘነበ ቺንጋውን በገዛ እጃቸው ወደ ላይ አወጡት። ከዚያ ከልማድ የተነሣ መዶሻውንና ሹሉን ብረት ዘረጉላት። ኮከቤ አልተቀበለችም። እሳቸውም እጃቸውን አይተው ሹሉን ከነመዶሻው መልሰው አስቀመጡት።

በእርሳስ አራት ነጥብ አደረገች። ፑንታውን ሳለች። ጀሶ የሞላው ኩባያ ከበድ ይላል፤ ጋሽ ዘነበ በሁለት እጃቸው ያዙላት፤ አርባ ዓመት ሲያዙ የኖሩ እጆች ናቸው፣ ዛሬ የእሷን እጅ እየተከተሉ ነው።

ገፋ፣ ከፍ። ገፋ፣ ከፍ። ነጭ ብናኝ ወጣ፣ ከዚያ የጀሶ ዱቄት ወጣ። አንድ። ፑንታውን አወለቀች፣ እንደገና ሳለች። ሁለት። ጓድ አምሳሉ ሰዓቱን አየ፤ ማንም አላየውም። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ሸተተ፤ ኮከቤ ቶሎ ከፍ አደረገችው፣ እስኪበርድ ጠበቀች፣ እንደገና ወረደች። አራተኛው ላይ እናቷን አሰበችና አውራ ጣቷን ከታች ያደረገች ያህል ተሰማት።

መብሻው ቆመ። ጀሶው በመዶሻ ተሰብሮ ወጣ፤ ለአንድ ጊዜ የጠረገው ሌላ ሰው ነው። ኩባያውን ገለበጡት።

ጋሽ ዘነበ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው አራቱንም ቀዳዳ ዳበሱ። ኮከቤ ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ባዘቶ ጥጥ አወጣች። እናቷ የስፌትን ልስላሴ የሚፈትኑት በዚህ ነበር፤ አንድ የተነሣ ስንደዶ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ባዘቶውን አቅጥና በመጀመሪያው ቀዳዳ አስገብታ ከኋላ ሳበችው። መጣ። በሁለተኛው። መጣ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው። አንዲት ክር ጥጥ አልቀረችም።

«እስቲ በድሮው ኩባያ ሞክሪው» አለ ጓድ አምሳሉ።

በድሮው ሞከረች። ጥጡ ሲቀደድ ሁሉም አየ።

«የእኔ እግር ለካ ጥጥ ይበላ ኖሯል» አለ ሚደቅሳ፤ ያኔ ነው ግቢው የሳቀው።

እግሩ ተገጥሞለት ሄደ። ግንቦት አንድ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ነበር። ኮከቤ በየማለዳው አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ኩባያው ተሰነጠቀ ሊላት የሚመጣ ይመስላት ነበር። ዘጠነኛው ቀን አለፈ። አሥራ አራተኛው አለፈ። የመጣ አልነበረም።

በግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ እንደ ልማዱ ደጅ ወጣ። መንደርተኛው ያዋጣውን ባቄላና ስንዴ በአንድ ትልቅ ድስት ቀቅሎ፣ መንገድ ዳር ሣር ጎዝጉዞ ተቀምጧል። ኮከቤም ከጎረቤቶቿ ጋር ንፍሮ ስታማስል ከወደ ታች ሁካታ ሰማች። ቀና ስትል ቀይ ጥላ ከሰዉ ራስ በላይ ሲመጣ አየች።

ሚደቅሳ ነበር። ምርኩዝ የለም። አዲስ ሱሪ ለብሷል፤ ጥላውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ላብ ፊቱ ላይ እየወረደ፣ ከፊት የቆመውን ሁሉ ገለል እያሰኘ ይመጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ ሲጥ የሚል ድምፅ አለ። ኮከቤ ማማሰያውን ይዛ ደረቀች። ሲጥ። ሲጥ። ስንጥቅ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። «አትፍሪ፣ ቆዳው ነው» አላት፤ ፊቷን አይቶ። «ማሰሪያው አዲስ ስለሆነ ነው የሚያወራው። እኔ ዝም ስል እሱ ይቀጥላል።»

«ሂድ፣ አትቁም» አለችው።

ሄደ። ቀይዋ ጥላ የልደታን በር አልፋ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ኮከቤም እልል አለች። ድምፅዋን ራሷ ሰማችው፤ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር፤ እጆቹን እያወዛወዘ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። ሣሩ ላይ ተቀመጠና ሳይጠየቅ ሱሪውን ሰበሰበ። ኮከቤ ተንበርክካ ጣቷን በአራቱ ብሎኖች ዙሪያ አዞረችው። ፀጉር የምታህል መስመር አልነበረችም። አንድ ጭብጥ ንፍሮ ሰጠችው፤ ሁለተኛውን ጭብጥ ሳይለምን ወሰደ።

ጋሽ ዘነበም ታቦቱን ሊሳለሙ መጥተው ነበር። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኮከቤ ጎን ተቀመጡ።

«የሚቀጥለው ሙጫ ሰኔ ላይ ይገባል ብለዋል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ትናንት እኔ አንድ ቁራጭ ሞክሬ ነበር። ቺንጋውን ወደ ላይ አድርጌ። አቃጠልኩት።»

«ቆመውበት ይሆናል፣ ጋሽ ዘነበ። ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው።»

«እጄ አይታዘዘኝም» አሉ። «ለብረት የተሠራ እጅ ነው።» ንፍሮ ቃሙና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን ኮከቤ መብሻው ላይ ባለው የቺንጋ መክደኛ ላይ በጠመኔ የተጻፈ አገኘች። የጋሽ ዘነበ ጽሕፈት ነው፤ ወፍራም፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። ቀስ ብላ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ አራተኛ ክፍል ለዚህ ይበቃል። «ኮከቤ ሳትፈቅድ ቺንጋ አይነካም» ይላል።

ሰኔ ሲገባ አዲሱ ሙጫ መጣ። የመጀመሪያው ኩባያ ከማድረቂያው ክፍል መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀመጥ ስታነሣው ከበዳት። እሷ ማንንም ሳታሳስብ፣ ጀሶው ውስጡ ነበረ።